ግሎሲ ይሁንልህ ወይስ ማት?

ሰው በዚህች ምድር ላይ እስካለ ድረስ የሚያመልጣቸው ጥያቄዎች አሉ። «መቼ ነው የምታገባው?» አንዱ ነው። «ሥራ እንዴት ነው?» ሌላው ነው። እኔ ሁለቱንም ሳል ሳል እያልኩ፣ ወሬ እየቀየርኩ፣ ስልክ የተደወለልኝ እየመሰልኩ ለዓመታት አምልጫቸዋለሁ። የጣለኝ ጥያቄ ከሌላ ቦታ መጣ። መገናኛ አንድ ሕንፃ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ውጭ የሚቆምበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ አንድ ሻጭ ማስቲካውን እያኘከ እንዲህ አለኝ።

«ብሮ፣ ስክሪኑ ግሎሲ ይሁንልህ ወይስ ማት?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስክሪን ማለት ስክሪን ነበር የሚመስለኝ። «ልዩነቱ ምንድን ነው?» አልኩት፣ የማውቀውን የምፈትነው መስዬ።

«ግሎሲ ያብረቀርቃል። ከለሩ ቁልጭ ይላል። ግን እንደ መስታወት ፊትህን ያሳይሃል። ማት አያብረቀርቅም፣ ለዓይን ይመቻል፣ ከለሩ ግን ትንሽ ፈዘዝ ይላል። ምርጫው ያንተ ነው።»

ምርጫው ያንተ ነው የሚሉት ነገር ሲጀመርም አይስማማኝም። «አስቤ ልምጣ» ብዬ ወጣሁ። እኔ አስቤ ልምጣ ካልኩ ልታመም ነው ማለት ነው።

ለምን እንዲህ እንደጨነቀኝ እንድትረዱኝ ስለ ሥራዬ ልንገራችሁ። የሠርግ ፎቶ ኤዲት አደርጋለሁ። ካሜራ ይዘው የሚሯሯጡት ሌሎች ናቸው። እኔ የካ ዳገቱ ላይ፣ እናቴ ቤት፣ መስኮት ሥር ተቀምጬ የሙሽራ ብጉር አጠፋለሁ፣ የሚዜ ላብ አደርቃለሁ፣ ፎቶ ሲነሱ የጨፈኑ አጎቶችን ዓይን እከፍታለሁ። አሮጌው ላፕቶፔ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር አውጥቶ አንድ ቀን ጠዋት ድርቅ ሲል፣ እጄ ላይ የነበረው ሥራ ተራ ሥራ አልነበረም። የቤቲ ሠርግ ነበር።

ቤቲ ማን ናት? የማህሌት እህት። ማህሌትስ? ኤዲያ፣ እሷን ከጠየቃችሁማ ምን እደብቃለሁ፤ ላገባት የምፈልጋት ልጅ ናት። አባቷ ጋሽ ዘነበ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ከእኛ ቤት ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ላይ ይኖራሉ። ሰላምታ እንኳ ቆጥበው ነው የሚሰጡት። ሽማግሌ ልልክባቸው እንደሆነ ሰምተዋል። ሰምተው ምንም አላሉም። ብቻ የቤቲን ፎቶዎች በማህሌት እጅ ላኩልኝና «ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ትልቁን እሱ ይሥራው፤ እናያለን» አሉ። ይህ ሥራ ሳይሆን ፈተና መሆኑን እንኳን እኔ፣ በራችን ላይ ቅጠል ተሸክሞ የሚያልፈው አህያም ያውቃል። ፎቶው ካማረ ማህሌት፣ ካላማረ ደግሞ እኔና መስኮቴ።

ስለዚህ ሰው ጠየቅኩ። ሰው ሁሉ ጠየቅኩ። ጓደኛዬ ሄኖክ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው፤ ላፕቶፑ ማት ነው አሉኝና እሱን ላይ ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጥፋቴ እዚያው ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ ስልክ መደወሌ ነው። «ሄኖኬ፣ ማቱ በፀሐይ እንዴት ነው?» ስል ታክሲው በሙሉ ሰማ።

«የምን ማት ነው ልጄ?» አሉኝ አጠገቤ ዘንቢል የያዙ እናት። አስረዳኋቸው። «ታዲያ ምን ያጨቃጭቃል፣ የማያብረቀርቀውን ነዋ። የሚያብረቀርቅ ነገር ሌባ ይጠራል።» ከኋላ አንዲት ተማሪ «አይ እማማ፣ ለፊልም ግሎሲ ነው» አለች። ከረባት ያሰሩ ሰውዬ ዓይናቸውን ያጠፋባቸው ቢሮ የሰጣቸው የሚያብረቀርቅ ኮምፒዩተር መሆኑን ነግረውን፣ እንድናምናቸው መነጽራቸውን አውልቀው አሳዩን። ኮተቤን ሳናልፍ ታክሲው ለሁለት ተከፈለ። ከሁሉም የሚቆጡት ላፕቶፕ ነክተው የማያውቁት ነበሩ። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ «ወንድሜ፣ ከነጭራሹ አትግዛ» አለኝ። አባዶ ስንደርስ ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ወራጅ፣ ግሎሲም ማትም እዚሁ ነው የሚያበቃው» ብሎ አራገፈን። ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይባላል፤ በሚኒባስም አይጫንም።

ሄኖክ በረንዳው ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ይሠራል። እውነትም ስክሪኑ ላይ ሁሉ ነገር ይታያል። የቤቲን ፎቶ ስከፍትበት ግን ሙሽራዋ አመድ የተነሰነሰባት መሰለች። «ለዓይንህ እዘን» አለኝ ሄኖክ። ለዓይኔ ልዘን ወይስ ለማህሌት?

ይህ አልበቃ ብሎኝ እሁድ ወደ እንጦጦ ወጥቼ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ያዝኳቸው። «አባ፣ ቀን ከሌት የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ» ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። ነገርኳቸው።

«የሚያብረቀርቀው የራስህን ፊት ያሳይሃል አልክ?»

«አዎ አባ።»

«ቀኑን ሙሉ የገዛ ፊትህን እያየህ ልትውል ነዋ። ይህ ትዕቢት ያመጣል።» ደግሞ አሰቡ። «ነገር ግን ልጄ፣ የሰውን መልክ አደብዝዞ ማየትም ደግ አይደለም።» ከዚያ ስግደት አዘዙልኝ። ለየትኛው ኃጢአት እንደሆነ ሳልጠይቅ ሰገድኩ።

በመጨረሻ የቆረጠችልኝ ማህሌት ናት። «ቤቲ ቤቲን ካልመሰለች አባዬ አያናግርህም» አለችኝ። በቃ፣ ቀለም። ግሎሲ። መገናኛ ሄድኩና ከፈልኩ። ሻጩ ላፕቶፑን ከካርቶኑ አውጥቶ አበራልኝና የስክሪኑን ጥግ በጥፍሩ ሊነካ እጁን ሲዘረጋ አንጓውን ለቀም አደረግኩት።

«ምን ልታደርግ ነው? አትንካው።»

«ብሮ፣ እኔ እኮ...»

«አዲስ ዕቃ በጥፍር አይነካም። ዝጋልኝ።»

ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ዘጋልኝ። ይህችን ያዙልኝ።

አትፍረዱብኝ፣ አስተዳደጌ ነው። እናቴ ቤት ውስጥ ከአዲስ ዕቃ ላይ ላስቲክ ተላጦ አያውቅም። ፍሪጁ ከነላስቲኩ ነው። ሪሞቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ በጎማ ታስሯል፤ ድምፅ ለመቀነስ በአውራ ጣት መታገል ያስፈልጋል። ቴሌቪዥኑ ሲገዛ የነበረበት ስቲከር ዛሬም አለ፤ ዜና አንባቢ በተቀየረ ቁጥር አዲሷም ትከሻዋ ላይ ተለጥፎ ይጠብቃታል። ሶፋው ላይ እንግዳ ሲቀመጥ ጭርጭር ይላል፣ ሲነሳ ደግሞ ሱሪው ተከትሎት ለመምጣት ያንገራግራል። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የገዛ ሶፋውን ጨርቅ ሳይነካ ነው የሞተው። «እማዬ፣ ለምን አንልጠውም?» ስላት መልሷ አንድ ቃል ነው፤ «ይቆይ።» እስከ መቼ እንደሚቆይ ደፍሮ የጠየቃት የለም።

ላፕቶፑን እቤት አድርሼ ከፈትኩት። አያብረቀርቅም። ዞር አደረግኩት፣ አያብረቀርቅም። ፊቴን ፈለግኩ፣ የለም። የቤቲን ፎቶ ስከፍት ጉም ውስጥ የቆመች ሙሽራ አየሁ። ማት ሰጥቶኛል። ያ ሁሉ ስግደት ለማት። ደወልኩለት።

«ግሎሲ ነው ብሮ፣ እናቴ ትሙት።»

«ታዲያ ለምን አያብረቀርቅም?»

«እሱን እኮ ያኔ ልነግርህ ስል...»

ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ሌባ ሲያስረዳኝ መስማት አልወድም።

እንዳልመልሰው ጊዜ የለኝም፤ ጋሽ ዘነበ የሙሽራው ዘመዶች ሊጎበኟቸው ስለሆነ ፎቶው በአስቸኳይ ይድረስ ብለዋል። እናም ብልህ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። ጉሙን መግፈፍ ጀመርኩ። ብርሃን ጨመርኩ፣ አሁንም ፈዛዛ ናት። ደግሞ ጨመርኩ። ቤቲ ቁልጭ ብላ እስክትወጣልኝ ድረስ ጨመርኩና ለማተሚያ ቤቱ ላኩት። እነሱ በወረቀት አሽገው ሰጡኝ። እኔም የእናቴ ልጅ ነኝና እሽጉን ሳልነካ ተሸክሜው ዳገቱን ወጣሁ።

ወረቀቱን የቀደዱት ራሳቸው ጋሽ ዘነበ ናቸው፣ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት። ፎቶው ላይ ሁለት ቅንድብና አንድ ረድፍ ጥርስ ይታያል። ሌላው በሙሉ ነጭ ነው። ቬሎው የት እንዳለቀ፣ ቤቲ የት እንደጀመረች አይለይም።

«ውይ በሞትኩት፣ አሟት ነበር እንዴ?» አሉ የሙሽራው አክስት፣ ከልባቸው አዝነው።

ቤቲ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ሲቃዋ እስከ ሳሎን ይሰማል። ጋሽ ዘነበ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉት።

«ይህች ልጅ መልኳ የእናቴ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ጥይምናዋ ሳይቀር። እናቴ ፎቶ የላትም። እኔ እናቴን የማየው ቤቲን ሳይ ነው። አንተ የእናቴን መልክ ከልጄ ፊት ላይ አጥበህ ደፋኸው።»

ቢጮሁብኝ በተሻለኝ። ማህሌትን አየኋት፤ መሬት መሬት ታያለች። እንዴት ወደ ቤት እንደወረድኩ አላውቅም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተስፋ ቆርጬ አላውቅም።

ለእማዬ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ነጠላዋን አነሳች። «ተነስ» አለችኝ።

መገናኛ ሱቁ ውስጥ ገብታ ሻጩ ፊት ቆመች። «አንተ ልጅ፣ እናት አለህ?»

«አለችኝ እማማ።»

«ታዲያ እናት ያለው ሰው ያብረቀርቃል ብሎ ደብዛዛ ይሸጣል? ልጄን ከሚስት አስቀረኸው እኮ።»

ሻጩ ማስቲካውን ማኘክ አቆመ። እኔን አየ፣ እናቴን አየ፣ የስክሪኑን ጥግ በጥፍሩ ያዘና ሳበው። ጭርርር። ሙሉ ስክሪኑን የሸፈነ፣ ልክክ ያለ ስስ ላስቲክ በእጁ ላይ ተንጠለጠለ። ከሥሩ ስክሪኑ ቦግ አለ። በመጀመሪያ ያየሁት ነገር አፉን የከፈተ አንድ ሞኝ ፊት ነው። ውጭ ቆመው የነበሩት ገዢዎች ሳቁ። ሻጩ እንኳ አዝኖልኝ መሰለኝ፣ ሳይስቅ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

እማዬ ግን አልሳቀችም። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ምነው ልጄ፣ አዲስ ዕቃ ገፈፍክ» አለችው። ላስቲኩን ከእጁ ተቀበለችው፣ እፍ እፍ አለችበት፣ በጥንቃቄ ጠቀለለችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እስከ ቤት ድረስ አልተነጋገርንም። እሷ ለላስቲኩ አዝና ነው፤ እኔ ለራሴ።

በግሎሲው ላይ የላክሁትን ፎቶ ስከፍተው ያደረግሁትን ጉድ አየሁ። ከመነሻው ልሠራው ተቀመጥኩ። መከራው ግን አላለቀም፤ መስኮታችን ፀሐይ መውጫ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ መስኮቱ ይታያል፣ ባሕር ዛፉ ይታያል፣ የጎረቤት የተሰጣ ልብስ ይታያል፣ እኔ እታያለሁ። የማትታየው ቤቲ ብቻ ናት። ሄኖክ ለዓይንህ እዘን ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ ጋቢዬን አንስቼ ከነላፕቶፑ ተከናነብኩ።

እዚህ ሰፈር ሰው ጋቢ ተከናንቦ አጎንብሶ ከታየ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያደርገው፤ የባሕር ዛፍ እንፋሎት እየታጠነ ነው። እማዬ ገብታ አየችኝና «አወይ ልጄ፣ ሐዘኑ በጉንፋን ወጣበት» ብላ ተመለሰች። ጥቂት ቆይቶ ከጋቢው ሥር የሚፍለቀለቅ ድስት ከነቅጠሉ ተንሸራቶ ገባ። ስክሪኑ በእንፋሎት ጭፍን አለ። ያ ሁሉ ተደርጎ መልሶ ማት ሆነ።

«እማዬ፣ አላመመኝም!»

«እሱማ የታመመ ሰው የሚለው ነው።»

ጎረቤት ሰማ። ብርቱካን የያዘ መጣ። «አይዞህ፣ ሴት ሞልቷል» ያለኝ መጣ። እያንዳንዱ ሶፋው ላይ ሲቀመጥ ጭርጭር ይላል፤ እኔ ጋቢዬ ውስጥ ሆኜ ስክሪኔን እጠርጋለሁ። ወሬ በእኛ ዳገት ከሰው ይፈጥናል። ወደ ማምሻው ላይ አሁንም አንድ ሰው ጭርር ብሎ ተቀመጠ። ታከተኝ።

«ስለ ፈጣሪ ተዉኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አልኩ ከጋቢው ሥር።

ጋቢው ከራሴ ላይ ተነሳ። ቀና ብዬ ዞሬ አላየሁም፤ አላስፈለገኝም። ስክሪኑ ላይ፣ ከቤቲ ፊት ጎን፣ የጋሽ ዘነበ ፊት ቆሟል። የታመመ ይጠየቃል፣ የተጣላም ቢሆን። እጃቸው ላይ ሎሚና የዝንጅብል ጥቅል ይዘዋል። እሳቸው የልጃቸውን መልክና የራሳቸውን መልክ አንድ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ እያዩ ቆዩ። ያ ጥይምና፣ ያ አገጭ። ሁለቱም ላይ አለ።

«እናቴ ናት» አሉ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና የሶፋውን ላስቲክ በእጃቸው ዳበስ አደረጉት። ፍሪጁንም ተመለከቱ። «ዕቃ አያያዝ ታውቃላችሁ» ብለው እማዬን አመሰገኗት። እሷም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

አዲሱ ፎቶ ታትሞ፣ ፍሬም ገብቶ፣ ፍሬሙም በላስቲክ ተሸፍኖ ወጣ። ተሸክሜው ዳገቱን ወጣሁ። ጋሽ ዘነበ በራሳቸው መዶሻ ምስማር መትተው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። እኔ ትምህርቴን ተምሬያለሁና በኩራት ጠጋ ብዬ የላስቲኩን ጥግ በጥፍሬ ስይዝ አንጓዬን ለቀም አደረጉኝ።

«አትንካው። አቧራ ይገባበታል። ይቆይ።»

ከላስቲኩ በስተጀርባ ቤቲ ጉም ውስጥ ቆማለች። ጋሽ ዘነበ ግን ያዩትን አይተዋል፤ ወደ ኋላ ራቅ ብለው ረክተው ይመለከታሉ። «እንዴት ነው?» አሉኝ። ማህሌት ከጓዳው በር ላይ ሆና በዓይኗ ንገራቸው፣ ንገራቸው ትለኛለች። ለዚያ ቀለም የከፈልኩትን እናንተ ታውቃላችሁ።

«ጥሩ ነው ጋሼ» አልኩ። «ይቆይ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «በል ሽማግሌዎችህ ይምጡ።»

ማህሌት እስከ ውጭ በር ሸኘችኝ። መዳን የመሰለኝ እስከዚያ ድረስ ነው። «እኔ ያደግኩት በላስቲክ ውስጥ ነው» አለችኝ እጄን ይዛ። «የራሴን አልጋ ጨርቅ አላውቀውም። ስንጋባ እኛ ቤት ላስቲክ እንዳላይ። ማልልኝ።» ማልኩላት። ከልቤ ነው የማልኩት።

ቁልቁለቱን እየዘለልኩ ወርጄ ቤት ስገባ እማዬ ላፕቶፔ ፊት ተቀምጣለች። ያንን ላስቲክ ከቦርሳዋ አውጥታ፣ በእርጥብ ጨርቅ እያለሳለሰች፣ አረፋ እንዳይገባበት በመዳፏ እየተከተለች ስክሪኑ ላይ መልሳ ለጥፋዋለች። ልክክ ብሏል።

«እማዬ፣ ምን አደረግሽ?»

ዞር ብላም አላየችኝ። «ይሄ ሁሉ ለማን ይመስልሃል?» አለች። «ሶፋው፣ ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ። ምራቴ ስትገባ አሮጌ ቤት አትገባም ብዬ ነው እንጂ እኔማ በጨርቅ ላይ መቀመጥ ጠልቼ ነው? አባትህም ያውቅ ነበር። እሱ ነው ይቆይላት ያለኝ።»

ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ጭርር አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ድምፅ እንባዬ መጣ።

ሽማግሌዎቹ እሺታ ይዘው ተመልሰዋል። ቀን ተቆርጧል። እኔ ግን ከመገናኛዋ ጥያቄ ፈቀቅ አላልኩም። አንድ ቀን መሐላዬ ትዝ ብሎኝ ላስቲኩን ከቀኝ በኩል መላጥ ጀመርኩና መሀል ላይ ስደርስ የእማዬ መዳፍ ትዝ አለኝ፤ እጄ እዚያው ቆመ። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው። ማህሌት ስትመጣ በተላጠው በቀኝ በኩል አዞርላታለሁ፤ እማዬ ስትገባ በግራ በኩል። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት በግሎሲው በኩል ነበር። እማዬ አሁን ስለገባች ወደ ማቱ ተሻግሬያለሁ፤ ከዚህ በኋላ የምጽፈው በደንብ አይታየኝም።